ጠርፋ የተሻገረችው ግንድ

አክስቴ ጠርፋ ቁጭ ብላ ምግብ ስትጨርስ አይቼ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ከሩዙ ትጎርስና ትነሳለች። በሩን ከፍታ ወደ ባሕሩ ታያለች፣ ተመልሳ ከደረቀው ዓሣ ቁራሽ ታነሳለች፣ እሱን እያኘከች ግቢውን ትዞራለች። እናቴ «አንቺ ሴትዮ፣ መሬቱ ይፋጅሻል እንዴ?» ስትላት፣ «አንቺን ካልፋጀሽ ቆዳሽ ወፍሯል ማለት ነው» ትላታለች።

ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም። የእኔ ሥራ የሱር ከተማን መዛግብት መጠበቅ ስለሆነ፣ የሞተ ሰው ስምና የአባት ስም፣ የሞተበትም ቀን በእጄ ያልፋል። የእሷን በጻፍኩ ቀን እጄ ቆመ። ጠርፋ ቢንት ሁመይድ፤ ከዚያ ቀን፤ ከዚያ ነጥብ። ቅጹ ከዚህ በላይ ቦታ የለውም። ስለዚህ ቀሪውን እዚህ እጽፈዋለሁ። እሷም ብትሆን «እኔ ካለፍኩ በኋላ ለፈለግሽው ተናገሪ፣ በሕይወቴ ግን አፍሽን እሰፋዋለሁ» ብላኝ ነበር።

ስለ እሷ የሚወራው ግማሹ ልክ አይደለም። ባሕር ትፈራ ነበር ይባላል። አትፈራም፤ ከወጣት ዓሣ አጥማጅ በላይ ትዋኝ ነበር። ለመበለቲቱ ለሰላማ በየዓርቡ ምግብ ትልክ የነበረው ለነፍሷ ብላ ነው ይባላል። ይህም ልክ አይደለም። ከመርከብ መሥሪያው በር ፊት ስትደርስ ሁልጊዜ መንገድ ትቀይር የነበረው የአናጢዎችን አፍ ጠልታ ነው ይባላል። ምክንያቱን አንድ ጠዋት፣ መኪናዬ ውስጥ፣ ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ።

ከወደቡ ማዶ፣ አይጃ ነው የተወለደችው። ሰዒድን አግብታ ወደ እኛ ሠፈር ስትመጣ ልጅ ነበረች። ሰዒድ መርከበኛ ነው፤ ወደ ባስራ፣ ወደ ዛንዚባር፣ ወደ ሕንድ በአንዱ ወቅት ነፋስ ሄዶ በሌላው ይመለሳል። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፣ ልጅ አልመጣም። ባልየው ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ባሕር ላይ የሚያድር ሰው መሆኑን ከሒሳብ ያስገባ የለም። አማቷ ውኃ ስታስቀዳት እንኳ «ማሰሮው ይሞላል፤ የማይሞላውን እኛ እናውቃለን» ትላት ነበር። በመጨረሻ ነገሩን ገልጣ ተናገረች። «በሚቀጥለው ነፋስ ሰዒድ ሌላ ያገባል። እስከዚያ መላ ካለሽ ፈልጊ» አለቻት።

መላውንማ የሱር ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። መርከብ ሲሠራ መጀመሪያ መሬት ላይ የሚጋደመው ያ ረጅም ግንድ፣ አከርካሪው፣ ጎድኖቹና ሳንቃዎቹ የሚያያዙበት ነው። መካን ሴት ያንን ከተሻገረች ትፀንሳለች። ዋጋ ግን አለው፤ ለሚመጣው ነፍስ ከመርከቡ ሰዎች አንዱ ይሄዳል። ለዚህ ነው አናጢዎች አከርካሪ ባጋደሙ ጊዜ ሳንቃ እስኪያለብሱት ድረስ በዘንባባ ዝንጣፊ አጥረው ተራ እየገቡ የሚጠብቁት።

ያን ጊዜ ተይሲር የምትባለው ትልቅ መርከብ ገና መጀመሯ ነበር። ሰዒድም ከጉዞ ተመልሶ ቤት ነው። ጠርፋ ዓርብ ቀን፣ ወንዶቹ መስጊድ በገቡ ሰዓት፣ የአማቷን ቅርጫት ይዛ ፍላጭ የምትለቅም መስላ ገባች። ጠባቂ አልነበረም። ግንዱ ከአጥሩ ፊት በረጅሙ ተጋድሟል። ቀሚሷን ሰብስባ ዘለለች፤ የቀሚሷ ጫፍ ግንዱ ላይ ስለተያዘ በጉልበቷ ወደቀች፤ ተነስታ ሮጠች። ልጁ ተፀነሰ።

መርከቧ ወደ ውኃ በምትገባበት ቀን ሆዷ ገፍቶ ከሴቶቹ ጋር ዳር ቆማ ነበር። ወንዶቹ ገመድ እየጎተቱ ይዘፍናሉ። ሱሩር የሚባል አናጢ፣ ካገባ ብዙም ያልቆየ፣ የመጨረሻዎቹን ድጋፎች በመዶሻ እየመታ ያወጣ ነበር። መርከቧ ከተጠበቀው ቀድማ ተንሸራተተችበትና እዚያው ሞተ። ሚስቱ ሰላማ ልጅ አልነበራትም፤ ከዚያ ወዲያም ሌላ አላገባችም። ጠርፋ ከዚያው ሳምንት ጀምራ የተከደነ ሳህን ትልክላት ጀመር። ልጇ ኸልፋን መራመድ ሲችል ሳህኑን የሚያደርሰው እሱ ሆነ።

እንግዲህ ያንን ሁሉ ዓመት በእግሯ የኖረችው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጭ ስትል ሱሩር ይመጣባታል።

ተይሲር ብዙ ነፋስ አገልግላ በስተርጅናዋ ጭቃ ላይ ተቀምጣ በሰበሰች፤ እንጨቷንም ሰው ለማገዶ ወሰደው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ልክ እሷን የምትመስል ትሠራ ተባለ። ከድሮዎቹ አናጢዎች ኡበይድ ብቻ በሕይወት ነበርና እሱ ተጠየቀ፤ ከፎቶግራፍም ተለካ። ሥራው አለቀ፣ ስሟም ተይሲር ተባለ። በድሮው መንገድ፣ በሰሜን ምሥራቁ ነፋስ፣ በሸራ ብቻ ዛንዚባር ደርሳ እንድትመለስ ተወሰነ። ካፒቴን ሆኖ የተመረጠው ኸልፋን ነው።

ጠርፋ ይህን ከሰማች ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ምን እንዳደረገች አላውቅም፤ ቀን ቀን ግን ጫማ ትጨርስ ነበር። ጉዞው ሊጀመር ሲል፣ ሴቶች መርከቧን በሚጎበኙበት ጠዋት፣ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች።

«ተነሺ፣ ውሰጂኝ» አለች።

«የት?»

«እዚያ ነዋ። ሁሉም አፉን ከፍቶ የሚያያት መርከብ ዘንድ።»

መኪና ውስጥ ከላይ የጻፍኩትን በሙሉ ነገረችኝ። የመስኮቱን መስተዋት እያወረደችና እያወጣች ነው የነገረችኝ።

«ግንዱ ሰጠኝ። አሁን በአዲሷ መርከብ ተመስሎ መጥቶ የሰጠኝን ሊወስድብኝ ነው» አለች። «ዛሬ ለኸልፋን እነግረዋለሁ። ከነገርኩት አይሄድም። እሱ ልሂድ ቢል እንኳ መርከበኞቹ አይሳፈሩም። ነፍስ ተከፍሎበት የተወለደን ሰው ማን አዛዥ ያደርጋል?»

እውነቷን ነው። ኸልፋን ዘመናዊ ስልክ፣ ዘመናዊ ጀልባ ያለው ሰው ቢሆንም ፉጨት ማዕበል ይጠራል ብሎ ጀልባው ላይ ያፏጨን ሰው መልሶ ወደብ ላይ የሚያወርድ ነው። አብረውት የሚሄዱት ከእሱ የባሱ ናቸው።

«አክስቴ፣ ሰው ከግንድ አይወለድም» አልኳት።

«ይህን አንብበሽ ነው ወይስ ወልደሽ?»

ልጅ የለኝም። ወደ ወደቡ ታጠፍኩ።

መርከቧ ከወደቡ ዳር ታስራለች። አዲስ እንጨትና የዓሣ ዘይት ትሸታለች። ሴቶቹ በመወጣጫው ፊት ጫማ እያወለቁ ተሰልፈዋል። ጠርፋ መወጣጫው ላይ አንድ እግሯን አሳረፈች፣ መለሰችው፣ ዳሩን ይዛ እስከ መርከቧ አፍንጫ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና እግሯን አሳረፈች።

ከኋላችን የነበረች ወፍራም ሴት «እናቴ፣ ወይ ውጪ ወይ አሳልፊን። ፀሐዩ ሊያቀልጠን ነው» አለች።

«ቅለጪ፤ ለመርከቧም ይቀላታል» አለቻትና ወጣች።

ኸልፋን ከኋላ፣ ከመሪው አጠገብ፣ በተማሪዎች ተከብቦ ነበር። እናቱን ሲያይ ፊቱ በራ። «እማ፣ መጣሽልኝ። ቆይ፣ እነዚህን ልሸኝና እመጣለሁ» ብሎ በእጁ ወደ ጥላው አመለከታት። ከዋናው ምሰሶ ሥር፣ በተወጠረ ጨርቅ ጥላ ውስጥ፣ ሽማግሌው ኡበይድ ከዘራውን አስደግፎ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ለጎብኚዎች እንዲታይ ያስቀመጡት ይመስላል፤ እሱም አልጠላውም።

«የኸልፋን እናት» አለ። «ከመቼ ወዲህ ነው መርከብ የምትወጂው?»

«አንተስ ከመቼ ወዲህ ነው ወንበር የምትወደው? አናጢ ነኝ ስትል አልነበረም?»

«ጉልበቴ ጡረታ ወጣ። ምላሴ ግን ሥራ ላይ ነው።»

«እሱማ ድሮም ትርፍ ሰዓት ይሠራል።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወንበሩን ዞረችው። የሳንቃዎቹን መገጣጠሚያ በእግሯ ጣት ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ዓይኑን ሳታይ «ይህቺኛዋን ስትጀምሩ አከርካሪዋን ጠብቃችሁ ነበር?» አለችው።

«ኢንጂነሮቹ ካሜራ ሰቀሉ። እኔ ደግሞ ግንዱን አጋደምኩ።»

«የምኑን ግንድ?»

ኡበይድ ወደ እኔ አየ፤ ወደ ተማሪዎቹም አየ። «አሁንማ ማን መርከብ ይሠራል» አለ፣ ለራሱ የሚናገር ያህል። «ብናገረው የሚጎዳው የለም። የሴቶቹን ግንድ ነዋ። ምስጥ የበላውን ወይም ጠማማ ሆኖ የተጣለውን እንመርጥና በአከርካሪ ቅርጽ ጠርበን ከአጥሩ ፊት እናጋድመዋለን። እውነተኛው ከአጥሩ ጀርባ ነው። ዓርብ ዓርብ ጠባቂው ሆን ብሎ ዞር ይላል። ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ያንን ይሻገራሉ፣ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። እኛም እፎይ ብለን እንሠራለን። ጥበቃ እያልሽ ዓመቱን ሙሉ ከሴት ጋር ድብብቆሽ ስትጫወቺ መርከቡን ማን ይሠራዋል?»

አክስቴ ቆመች። ቆማ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው ብል አላጋንንም፤ እጇም፣ እግሯም፣ ዓይኗም ቆመ።

«በተይሲርም ጊዜ?» አለች።

«በተይሲርም። ከአጥሩ ጀርባ ተረኛው እኔ ነበርኩ።»

«ጁምዓ አልሰገድክም?»

«ተረኛ ነበርኩ እያልኩሽ።»

«ማንን አየህ?»

ኡበይድ የራስ ጥምጥሙን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ያየሁትን ለማንም አላወራሁም» አለ። «የመጡት ብዙ ናቸው። አንዷ ቀሚሷ ተይዞባት ወደቀች። ወጥቼ ላነሳት ፈልጌ ነበር፤ ብወጣ ግን ከእፍረት ብዛት እዚያው ትቀርብኛለች ብዬ ተውኩት። ቅርጫቷን ጥላው ሄደች።»

«የአማቴ ነበር» አለች ጠርፋ። «በእሱ ምክንያት ስንት ስድብ እንደጠጣሁ።»

ሁለቱም ወደ ውኃው ያያሉ።

«ሱሩርስ?» አለችው።

«ሱሩር ምን ሆነ?»

«በማን ምክንያት ሞተ?»

«በድጋፉ ነዋ። የግራውን ሳንለቅ የቀኙን መታው። ‹ቆይ› ብለን ጮኸን ነበር፤ በዘፈኑ መሐል አልሰማም። የዚያን ቀን ያልነበረ ሰው አለ? ሁሉም ያውቀዋል።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ወደ እሷ ቀና ብሎ አየ። «የኸልፋን እናት፣ አንቺ ይህን ሁሉ ዓመት ሱሩርን…»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለሴት አይነገርም። አንዷ ካወቀች አይጃ ድረስ ይሰማል፤ ከዚያ እውነተኛውን ይፈልጋሉ። ምለን ነው ሥራ የገባነው። ደግሞ ምን ብዬ ልንገርሽ? ልጅ ወልደሽ ደስ ብሎሽ የምትኖሪ መስሎኝ።»

«ደስ ብሎኝ» አለች።

ወንበሩ ላይ የተደገፈውን ከዘራ አነሳች። ልትመታው መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ወደ መርከቧ ጠርዝ ሄዳ በሙሉ ኃይሏ ባሕር ውስጥ ወረወረችው። ተማሪዎቹ ዞረው አዩ። አንዷ ሳቀች፤ ጓደኛዋ ክንዷን ቆነጠጠቻት።

ኡበይድ ከዘራው የወደቀበትን ውኃ አሻግሮ እያየ «ጥሩ እንጨት ነበር» አለ።

«ሌላ ጥረብ። አናጢ አይደለህ።»

ኸልፋን እየሳቀ መጣ። «እማ፣ ሽማግሌው ምን አድርጎሽ ነው?» አላት። እሷ ክንዱን ይዛ ወደ መሪው ወሰደችው። እኔም ተከተልኩ፤ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ አፍሽን ዝጊ» አለችኝ። የምትፈልገው ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ልትነግረው ያሰበችው ታሪክ እንዳለ ነበር። የሴቶቹን ግንድ ትታ ግማሹን ብትነግረው ይበቃታል። ያ ሽማግሌ ለማንም አይናገርም፤ እኔም በግልጽ ታዝዣለሁ።

ጀመረች። አማቷን፣ ዓርቡን፣ ግንዱን፣ ጉልበቷን ነገረችው። ተይሲር ወደ ውኃ የገባችበትን ቀን ነገረችው። ሱሩር ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነሰ፣ ኸልፋንም ጎንበስ አለላት። መሪው ላይ የነበረ እጁ ወረደ።

«ሳህኑ ለዚህ ነው?» አላት።

«ለዚህ ነው።»

«የባላቸውን ካሣ በየዓርቡ ለሰላማ የማደርሰው እኔው ራሴ ነኝ ማለት ነው።»

ኸልፋን ከፊት ገመድ ወደሚጠቀልሉት መርከበኞች አየ። አንዱ ሌላውን በእርጥብ ገመድ ጫፍ ሲገርፈው ሁሉም ይሳሳቁ ነበር። «ልነግራቸው ይገባል» አለ። «እኔን ይዘው ባሕር መግባት የለባቸውም። ካልነገርኳቸው ሐራም ነው።»

ያ ነበር የመጣችበት ጉዳይ። ተሳካላት። ልጇ ቤቱ ሊቀር ነው። ዝም ብላ ብትቆም ያበቃ ነበር።

አልቆመችም። እስከ ጠርዙ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። ኸልፋን መርከበኞቹን ሊጠራ አፉን ሲከፍት ከኋላ ልብሱን ያዘችው።

«ቆይ። አላለቀም።»

የሴቶቹን ግንድ ነገረችው። ምስጥ የበላው ጠማማ እንጨት ላይ ዘልላ እንደወደቀች፣ ኡበይድ ከአጥር ጀርባ ሆኖ እንዳያት፣ ሱሩር በድጋፍ ስህተት እንደሞተ፣ ሁሉንም። ኸልፋን የገመድ ጥቅል ላይ ቁጭ አለ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ በራስ ጨርቁ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቀ።

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ እማ?»

«እንዳትሄድ።»

«ግንዱ ውሸት ከሆነ ለምን እቀራለሁ?»

«አትሂድ ስላልኩህ። እኔ።»

ይህን አልጠበቀም። እኔም አልጠበቅሁም። ኸልፋን እጁን አሸ።

«በግንዱ አስፈራርተሽ ቅር ብትይኝ እቀር ነበር» አለ። «በራስሽ ስትይኝ ግን… ቃሌን ሰጥቻለሁ። እነዚህ ሰዎች በእኔ ተማምነው ነው ሥራ የተዉት።»

«አውቃለሁ።»

«ተቀየምሽኝ?»

«አዎ። ሂድ።» የራስ ጨርቁን ፈታችና እንደገና ጠመጠመችለት፤ እንደ ልጅ አንገቱን አዘንብሎ ቆመላት። «ይህን ደግሞ እጠበው። ካፒቴን እንዲህ አይደለም፤ ዓሣ ሻጭ ትመስላለህ።»

ስንወርድ ኡበይድ ከወንበሩ ላይ እጁን አነሳልን። ሳታየው አለፈች። መወጣጫው መሐል ላይ ስትደርስ ዞረች፤ «ማታ በልጅ ልጄ እጅ ከዘራ እልክልሃለሁ። የሟቹን የሰዒድን» አለችው። ላከችለትም።

መኪና ውስጥ መስተዋቱን አወረደች፣ አወጣች። እኔ ሰነድ ጠባቂ ነኝ፤ ያልተሞላ ቦታ አያስተኛኝም።

«ግማሹን ብቻ ብትነግሪው ይቀርልሽ ነበር» አልኳት።

«ይቀርልኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«መርከበኞቹን ሲያያቸው ፊቱን አላየሽም?» አለች። «የኔን ፊት ነው ያየሁት። መስተዋት ውስጥ ስንት ዓመት ያየሁትን። ቤት አስቀርቼው ሱሩርን አጠገቡ ላስቀምጥለት? ባሕሩ ይሻለዋል።»

ጥቂት ሄድን።

«አይሻለውም» አለች። «ምንም አይሻለውም። አንቺ ደግሞ ቀስ ብለሽ ንጂ።»

ኸልፋን በመመለሻው ነፋስ በሰላም መጥቷል። አክስቴን መቃብር ውስጥ ያስገባት እሱ ነው፤ ይህን የምጽፈውም እሱ ካነበበው በኋላ ነው። አንድ ቦታ ብቻ አርሞኛል፤ እርጥብ ገመድ አልነበረም፣ ደረቅ ነበር ብሎ። እኔ ያየሁትን ጽፌአለሁ።

መርከቧ የወጣችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከተማው በሙሉ ወደቡ ዳር ነበር። ሸራው ሲወጠር ሴቶቹ እልል አሉ። ጠርፋ አላለችም። ተይሲር መንቀሳቀስ ስትጀምር እሷም መንቀሳቀስ ጀመረች፤ በሕዝቡ መሐል እየገፋች፣ ሰው እየሰደባት፣ እሷም እየመለሰች፣ ከመርከቧ ጎን ለጎን ዳሩን ይዛ ሄደች። እኔ ከኋላ ያወለቀችውን ጫማዋን ይዤ እከተላለሁ። ዓሣ ገበያውን አለፈች፣ የተገለበጡትን ጀልባዎች አለፈች፣ መርከቦችን ወደሚመራው የመብራት ግንብ የሚወስደውን ድንጋያማ መንገድ ያዘች። መርከቧ ነፋስ አግኝታ ፈጠነች። ጠርፋም ፈጠነች። መሬቱ እስካለ ድረስ ሄደች።